የካሜራ ሸተር ስንት ክሊክ ይቆያል? ያገለገለ ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው መልኩ ላይ ነው። ቦዲው ተጭሯል ወይ? ስክሪኑ ተሰንጥቋል ወይ? ባትሪው ቻርጅ ይይዛል ወይ? እነዚህ ሁሉ መታየት አለባቸው፤ ከባዱን ወጪ የሚያመጣው ግን ውስጥ ያለው ሸተር ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ሴንሰሩን፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚቀርጸውን ክፍል፣ እየገለጠ መልሶ የሚሸፍነው ሸተር በሥራ ብዛት ያልቃል፤ አንድ ጊዜ ተገልጦ መሸፈኑ አንድ ክሊክ ይባላል። ሴንሰሩም ሌንሱም ደህና ሆነው ሸተሩ ብቻ ከሄደ ካሜራው ፎቶ ማንሳት ያቆማል። ሻጩ “ብዙም አልተሠራበትም” ሲልዎት ቃሉን በቁጥርም በዓይንም ማረጋገጥ ይቻላል። የሚያስፈልግዎት ላፕቶፕ፣ ሜሞሪ ካርድ፣ ፍላሽና ፀሐይ የመታው ነጭ ግድግዳ ነው።

እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ቁጥሩን ሳያዩ አይግዙ፤ ቁጥሩን ብቻ አይተውም አይግዙ። ገና በ40,000 ክሊክ የሚሞት ሸተር አለ፤ ኩባንያው የተናገረለትን እጥፍ ሠርቶ አሁንም የማይሳሳት አለ። ስለዚህ ቁጥሩ ጥርጣሬዎን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለብዎት ይነግርዎታል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ፈተናው ነው።

መጀመሪያ፦ ሸተሩ ውስጥ ምን እንደሚሆን ይወቁ

ሌንስ የሚቀየርላቸው አብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰሩ ፊት ሁለት መጋረጃ አላቸው። እያንዳንዱ መጋረጃ የሚደራረቡ ስስ ቅጠሎች ስብስብ ነው። ቁልፉን ሲጫኑ የመጀመሪያው መጋረጃ ሸሽቶ ሴንሰሩን ይገልጠዋል፤ የተባለው ጊዜ ሲሞላ ሁለተኛው ተከትሎት ይመጣና ይሸፍነዋል። ፈጣን በሆኑ ካሜራዎች መጋረጃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ ከ1/250 ሰከንድ ያነሰ ነው።

በ1/4000 ሰከንድ ሲያነሱ ታዲያ የመጀመሪያው መጋረጃ ጫፍ ሳይደርስ ሁለተኛው ይነሣበታል። ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ የሚገለጥበት ቅጽበት የለም። ብርሃን የሚገባው በሁለቱ መካከል በምትሮጥ ጠባብ ክፍተት ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር ቁመት 24 ሚሊ ሜትር ሲሆን ያቺ ክፍተት በዚህ ፍጥነት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ትሆናለች። አሁን ሁለተኛው መጋረጃ በእርጅና ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀረ እንበል። በዚያ ቦታ ያለው የፎቶ ክፍል ሩብ ያህል ተጨማሪ ብርሃን ይቀበላል። በ1/100 ግን ያው መዘግየት ከነመኖሩም አይታወቅም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በ1/125 እንከን የለሽ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ሸተሩ ታሞ ሊሆን ይችላል። ሻጭ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስቶ “ይኸው ይሠራል” ቢልዎት ያሳየዎት ነገር ስለ ሸተሩ ምንም አይናገርም። ሕመሙ መጀመሪያ የሚታየው በከፍተኛ ፍጥነት ነውና መፈተን ያለበት እዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ለሞዴሉ የተነገረውን ቁጥር ይያዙ

ኩባንያዎች ሸተሩን በላብራቶሪ ደጋግመው እያስሠሩ የጽናት ቁጥር ያወጡለታል። ከካነን ብንጀምር 80ዲ እና 6ዲ 100,000፣ 5ዲ ማርክ 3 እና ማርክ 4 150,000፣ 7ዲ ማርክ 2 200,000፣ 1ዲ ኤክስ ማርክ 2 400,000 ተብሎላቸዋል። ከሚረርለሶቹ (እንደ ዲኤስኤልአር ውስጣቸው የሚንቀሳቀስ መስታወት ከሌላቸው) አር6 300,000፣ አር5 500,000 ነው። ከኒኮን ዲ750 150,000፣ ዲ850 200,000፣ ዲ5 400,000። ከሶኒ ኤ7 ማርክ 3 200,000፣ ኤ7አር ማርክ 3 500,000። ዝቅተኛ ዋጋ ላላቸው ለጀማሪ የተሠሩ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ቁጥር አይነገርም፤ እኔ ለስሌት 100,000 እይዝላቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅባቸውም።

ይህ ቁጥር የሞት ቀን አይደለም። ካሜራው 150,001ኛው ላይ አይቆምም፤ 149,000 እስኪሞላም ዋስትና የለዎትም። የኩባንያ ዋስትና የሚቆጠረው በዘመን እንጂ በክሊክ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ የሜዳ አቧራ፣ የመኪና ውስጥ ሙቀት፣ የመውደቅ አደጋ የለም።

ከቁጥሩ ውጭ የሞዴሉን ታሪክም ይጠይቁ። ኒኮን ዲ600 በ2012 ከወጣ በኋላ ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ እየጣለ ስላስቸገረ ኩባንያው በ2014 ሸተሩን ጭምር በነፃ እንደሚቀይር አሳወቀ። በዲ750 ላይም በ2015 የሸተር ጉድለት የፎቶውን ከፊል እንደሚያጠቁር ተገልጾ በሴሪያል ቁጥር እየተለየ በነፃ ሲጠገን ነበር። እንዲህ ያለ ሞዴል ሲገዙ ክሊኩ ትንሽ ነው ብለው ከመደሰትዎ በፊት ያ ጥገና ተደርጎለት እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ።

ኒኮን ዜድ9፣ ዜድ8 እና ሶኒ ኤ9 ማርክ 3 ሜካኒካል ሸተር፣ ማለትም በመጋረጃ የሚሠራ ሸተር፣ የላቸውም፤ ስልክዎም እንዲሁ። ለእነሱ ይህ ሁሉ ምርመራ አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ ቆጣሪውን ያንብቡ

የፎቶው ፋይል ስም ላይ አይመኑ። “አይኤምጂ” ወይም “ዲኤስሲ” ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል፤ በሴቲንግም ሊመለስ ይችላል። 2,300 የሚል ፋይል ያለው ካሜራ 2,300 ወይም 92,300 ያነሳ ሊሆን ይችላል።

በኒኮንና በፔንታክስ ጠቅላላ ቆጠራው በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ በብዙ የሶኒ ሞዴሎችም እንዲሁ። የኮምፒውተሩ የተለመደ የፋይል መረጃ መስኮት ግን አያሳየውም። ኤግዚፍቱል የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕዎ ላይ ይጫኑና ፎቶውን ይክፈቱበት፤ ከሚደረደረው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ሸተር ካውንት የሚለውን ይፈልጉ። ካነን ላይ ነገሩ ይለያል። አብዛኞቹ ሞዴሎች ቆጠራውን ፎቶው ላይ አይጽፉትም፤ ካሜራውን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ በሌላ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። የ1ዲ ኤክስ ቤተሰብ በራሱ ሜኑ ውስጥ ያሳያል። ፕሮግራሙ ለዚያ ሞዴል እንደሚሠራ ቤትዎ ሆነው አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ሻጭ ፊት ቆሞ መታገል ለስህተት ይዳርጋል።

ሻጩ ሌላ ከተማ ከሆነ ወይም ካሜራውን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ የሚያመጣልዎት ከሆነ ፎቶውን በቴሌግራም ማስላክ ይቻላል። ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ውስጡ ያለው መረጃም ይጠፋል። የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ ያንን ወረቀት አንስቶ ይላክልዎት፤ የድሮ ፎቶ እንዳይሆን። ብዙ ካሜራዎች ፋይሉ ውስጥ ሴሪያል ቁጥር ስለሚጽፉ ከቦዲው ሥር ከታተመው ጋር ያስተያዩት። ሁለቱ ካልተገናኙ ግዢውን ይተዉት።

የተነበበው ቁጥር ሙሉ እውነት የማይሆንባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ዋናው ቦርድ ተቀይሮ ከሆነ ቆጠራው ከአዲሱ ቦርድ ጋር መጥቶ ሊያንስ ይችላል። ሸተሩ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ሸተሩ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የጥገና ደረሰኝ ካለ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከአካሉ ጋር ያመዛዝኑ። ፍላሽ የሚሰካበት ብረት ቀለሙ ተላልጦ፣ የእጅ መያዣው ጎማ ለስልሶ፣ የመተኮሻ ቁልፉ አብረቅርቆ ሳለ ቆጣሪው 8,000 ካለ አንድ ነገር አለ። ቪዲዮ ብቻ የተሠራበት ካሜራም እንዲህ ሊመስል ስለሚችል መጀመሪያ ይጠይቁ፤ መልሱ ካላረካዎት ይለፉት።

ደረጃ 3፦ ግድግዳው ላይ ይፈትኑት

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጊዜ ሰጥተው ይሥሩት። ሻጩ ቢቸኩል እንኳ አይቸኩሉ።

ካሜራው ሚረርለስ ከሆነ በመጀመሪያ የሸተር ዓይነቱን ወደ ሜካኒካል ይቀይሩ። ኤሌክትሮኒክ ላይ ከተተወ መጋረጃዎቹ ምንም ሳይንቀሳቀሱ ፎቶ ይነሣል፤ የተሰበረ ሸተር እንኳ ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ከዚያ ወደ ውጭ ይውጡ። ቤት ውስጥ በፍሎረሰንት ወይም በኤልኢዲ መብራት አይፈትኑ። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ በፈጣን ሸተር ያ መዋዠቅ እንደ ጥቁር ሰንበር ሆኖ ይታይና ጤነኛውን ካሜራ በከንቱ ያስጠረጥረዎታል።

ፀሐይ የመታው ነጭ ወይም ግራጫ ግድግዳ ፊት ይቁሙ። ካሜራውን ማንዋል ላይ ያድርጉ፤ ኦቶ አይኤስኦን ያጥፉና አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 200 ላይ ያቁሙት፤ ፎከሱንም ማንዋል አድርገው ትንሽ ያደብዝዙት፤ የግድግዳው ሻካራነት እንዳያታልልዎት። አሁን ያንኑ የግድግዳ ክፍል ሦስት ጊዜ ያንሱ፦ በአፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ስፋት) 16 እና 1/250፣ በአፐርቸር 8 እና 1/1000፣ በአፐርቸር 4 እና 1/4000። ሦስቱም እኩል ብርሃን የሚያስገቡ ስለሆኑ ሦስቱም ፎቶዎች በብሩህነት ሊመሳሰሉ ይገባል። ግድግዳው በጣም ከነጣ አይኤስኦውን ወደ 100 ይቀንሱና ሦስቱንም ይድገሙ።

ስክሪኑ ላይ አጉልተው ሳይሆን ሙሉውን ፎቶ በአንድ ጊዜ ይመልከቱ። ሦስተኛው ከቀሩት በግልጽ ከጠቆረ ወይም ከነጣ መጋረጃዎቹ ጊዜያቸውን ስተዋል። ከላይ ብሩህ ሆኖ ወደ ታች እየጠቆረ ከሄደ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ አንዱ መጋረጃ ከሌላው እኩል አይሮጥም። ዳር ላይ ጥቁር ሰንበር ካለ ሸተሩ እየተያዘ ነው። አራቱም ማዕዘኖች እኩል ቢጠቁሩ ግን የሌንሱ ጠባይ ነው፤ በተለይ አፐርቸሩ ሰፊ ሲሆን ይመጣል፤ ሸተሩን አይውቀሱ።

ቀጥሎ በ1/4000፣ ካሜራው ከቻለም በ1/8000፣ ተከታታይ መተኮሻ ላይ አድርገው ወደ ሠላሳ ያህል ፎቶ ያንሱና አንድ በአንድ ይለፏቸው። የደከመ ሸተር ሁልጊዜ አይሳሳትም። ሃያ ዘጠኙ አምረው አንዱ ብቻ ግማሹ ጠቁሮ ሊወጣ ይችላል፤ ያ አንዱ የነገውን ነግሮዎታልና አይናቁት።

ከዚያ ፍላሹን ራሱ ካሜራው ላይ ይሰኩና ጥላ ቦታ ገብተው በካሜራው የሲንክ ፍጥነት (ለፍላሽ በተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት)፣ ብዙውን ጊዜ 1/200 ወይም 1/250፣ ያንሱ። ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለው ይጥፋ። ፍላሽ የሚበራው ለቅጽበት ስለሆነ ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ተገልጦ መገኘት አለበት። በተፈቀደለት ፍጥነት ላይ ሆኖ አንዱ ዳር ጥቁር ሰንበር ካሳየ መጋረጃው ዘግይቷል። ፍላሹን ከርቀት በሚያበራ ሬዲዮ ትሪገር አይፈትኑት፤ ርካሽ ትሪገር ራሱ ስለሚዘገይ ሰንበሩ ከሱ ሊመጣ ይችላል።

መጨረሻ ላይ በ1 ሰከንድ ጥቂት ፎቶ ያንሱና ያዳምጡ። መክፈቻውና መዝጊያው ድምፅ በየጊዜው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ካነን ላይ ኤረር 20 ወይም ኤረር 30 ብቅ ካለ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሸተሩ ወይም ከመስታወቱ እንቅስቃሴ ነው፤ ሻጩ ባትሪ አውጥቶ መልሶ “ተስተካከለ” ቢልም አይውሰዱት።

ደረጃ 4፦ የቀረውን በራስዎ ሥራ ይለኩት

5ዲ ማርክ 4 አግኝተው ቆጣሪው 120,000 አለ እንበል። በወረቀት ላይ 30,000 ይቀረዋል። የሠርግ ፎቶ አንሺ ከሆኑና በአንድ ሠርግ ከሙሽራዋ ቤት እስከ ቅልቅሉ 3,000 ፎቶ የሚያነሱ ከሆነ የቀረው አሥር ሠርግ ነው፤ ጥር ላይ ቢገዙት ጾም ሳይገባ ሊያልቅ ይችላል። ለቤተሰብ የሚገዙትና በወር 300 ፎቶ የሚያነሱ ከሆነ ግን ያው 30,000 ከስምንት ዓመት በላይ ነው። አንዱ ካሜራ ለአንዱ ስጋት ለሌላው ጥሩ ዕድል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። “ስንት ክሊክ አለው?” ከሚለው ቀጥሎ “እኔ በወር ስንት አነሳለሁ?” ብለው ይጠይቁ፤ ያለፈው ዓመት ፎልደሮችዎ መልሱን ይይዛሉ።

ሸተር ይቀየራል። ወደ ሻጩ ከመሄድዎ በፊት ለሚያምኑት ጠጋኝ ደውለው ለዚያ ሞዴል የሸተሩ ዋጋ ከነእጅ ሥራው ስንት እንደሆነ፣ ዕቃው እጁ ላይ እንዳለ ወይም ከውጭ እንደሚመጣና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጠይቁ። ቆጠራው የኩባንያውን ቁጥር ካለፈ ያንን ወጪ በሙሉ ከዋጋው ላይ ለማስቀነስ ይደራደሩ፤ እየተቃረበ ከሆነ ግማሹን። የመቀየሪያው ወጪ ቦዲው ከሚያወጣው ዋጋ ከግማሽ በላይ ከሆነ በእኔ ግምት ሌላ ቦዲ መፈለግ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ከገዙ በኋላ

ክሊክ አይሰስቱ። ካሜራ የተሠራው እንዲተኮስበት ነው፤ ሸተር ለመቆጠብ ብሎ የልጅን ሳቅ ማሳለፍ ትልቅ ጥፋት ነው። መጠንቀቅ ያለብዎት ያለ ጥቅም ከሚባክነው ነው። በሰከንድ 10 ፎቶ የሚተኩስ ካሜራ ሳያቋርጥ ቢሠራ 100,000 ለመሙላት ሦስት ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ለቆመ ሰው ፎቶ ተከታታይ መተኮሻውን ያጥፉት። ታይም ላፕስ (በየጥቂት ሰከንዱ የተነሱ ፎቶዎችን ቪዲዮ ማድረግ) ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ይበላል፦ በየ5 ሰከንዱ ለአራት ሰዓት ቢያነሱ 2,880 ክሊክ ሄደ፤ በ25 ፍሬም ሲሠራ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። ካሜራው ኤሌክትሮኒክ ሸተር ካለው ለዚህ ይጠቀሙበት።

ኤሌክትሮኒክ ሸተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ይጠቅማል፤ ቅዳሴውን የሚረብሽ ድምፅ የለውም። ሆኖም በአብዛኞቹ ካሜራዎች ፍላሽ አይሠራበትም፣ በኤልኢዲ መብራት ሥር ሰንበር ያመጣል፣ ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ያጣምማል። እስክስታ ሲወረድ ወደ ሜካኒካል ይመልሱት።

መጋረጃውን በጣት፣ በጨርቅ፣ በታሸገ አየር አይንኩት። አቧራ ካለ ካሜራውን ወደ ታች ደፍተው በጎማ መንፊያ ብቻ ያራግፉ። ዲኤስኤልአር ሴንሰሩን ሲያጸዱ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መሃል ላይ ካለቀ መስታወቱና መጋረጃው ተመልሰው ማጽጃው ላይ ይወድቃሉ። ሚረርለስ ካሜራ ክዳኑ ተነሥቶ ፀሐይ ፊት አይተው፤ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ መጋረጃውን ወይም ሴንሰሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ደረጃ 6፦ ሥራ ላይ ሳሉ ቢሰበር

ድምፁ ከተለወጠ፣ የፎቶው ከፊል ከጠቆረ ወይም ካሜራው ኤረር ካወጣ ያጥፉት፣ ባትሪውን አውጥተው ይመልሱና አንድ ፎቶ ብቻ ይሞክሩ። ካልሆነ ደጋግመው አይጫኑ፤ የተሰበረ ቅጠል ሴንሰሩን የሚሸፍነውን ስስ ብርጭቆ ሊጭር ይችላል፤ ያኔ ወጪው ይበዛል። ሚረርለስ ከሆነና ቅጠሉ ሴንሰሩን ካልጋረደ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሸተር ቀይረው ያለ ፍላሽ ሥራውን መጨረስ ይችላሉ። ዲኤስኤልአር ከሆነ ሁለተኛው ካሜራዎ ይውጣ። ለክፍያ የሚሠራ ሰው ቆጠራው ያለፈ ካሜራ ብቻውን ይዞ ሠርግ ቤት እንዳይሄድ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ቀለበቱ የሚጠለቀው አንድ ጊዜ ነው።

ለጥገና ሲሰጡ የቆጣሪውን ቁጥርና ቀኑን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ ወደፊት ሲሸጡት ሸተሩ በስንት ክሊክ እንደተቀየረ የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው። አሮጌውን ሸተር ይመልሱልኝ ይበሉ። ሲረከቡም ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ውጭ ወጥተው የግድግዳውን ፈተና ከነፍላሹ ይድገሙት።